ከሴቻ አፋፍ እስከ ነጭ ሳር ሜዳ፦ የአምስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

የ2016ን ጥምቀት ጃን ሜዳ አክብሬ ስመለስ ከዓመት ፈቃዴ የተረፉ ጥቂት ቀናት ነበሩኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አክስቴ አርባ ምንጭ ናት፤ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብለህ ጫካ ታያለህ፣ ሐይቅ ታያለህ» እያለ ሲጎተጉተኝ ስለከረመ፣ ሌላ ቦታ ሳላማርጥ ወደ ደቡብ ለመውረድ ወሰንኩ። ከአርባ ምንጭ አጠገብ ያለው ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 የተከለለ፣ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ከፊል ጨምሮ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ስፍራ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ስፋቱ ሳይሆን ለከተማ ያለው ቅርበት ነበር፤ ባጃጅ ተሳፍሮ በሩ ላይ በመውረድ በእግር የሚገባበት ፓርክ ሀገራችን ውስጥ ብዙ የለምና።

ረቡዕ፣ ጥር 15፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሴቻ

950 ብር የከፈልኩበት አውቶቡስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ሶዶ እስኪገባ ድረስ ለወሬ የሚበቃ ነገር አልገጠመንም። ከሶዶ በኋላ መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወርድ ተሳፋሪው አንድ በአንድ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። ምዕራብ አባያ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ጎማ መፈንዳቱ ብርቅ አልነበረም፤ ብርቅ የሆነው ረዳቱ ስኮርታውን ከጣሪያ ላይ በስንት መከራ አውርዶ መሬት ላይ ሲጥለው ጎማው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርሮ መቅረቱ ነበር። ሾፌሩ በሚያልፍ አይሱዙ ላይ ስኮርታውን ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ፤ እኛም ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል በአንድ ግራር ጥላ ሥር ተሰበሰብን።

ያ ጥበቃ ለእኔ ኪሳራ አልነበረም ለማለት እደፍራለሁ። በአውቶቡስ መስኮት ቢሆን ኖሮ በአንድ ዓይን እይታ የማልፈውን አባያን ቁጭ ብዬ የማየት ዕድል አገኘሁ። አባያ በስፋቱ ከጣና ቀጥሎ በሀገራችን ሁለተኛው ሐይቅ ነው፤ ገባር ወንዞቹ ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ስለማይዘቅጥ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ቀይ ቡናማ ነው። የመንደሩ ልጆች ወዲያው ሙዝ ተሸክመው ከበቡን፤ አዲስ አበባ ኪሎውን በ90 ብር እገዛው የነበረው ሙዝ እዚህ ትልቁ ዘለላ 40 ብር ነበር፤ ደግሞም ሙዝ ይሸታል።

አርባ ምንጭ በእውነቱ ሁለት ከተማ ናት። ገበያውና አውቶቡስ መናኸሪያው ያለበት ሲቀላ ታች ሜዳው ላይ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቶቹ የሚበዙበት ሴቻ ላይኛው አፋፍ ላይ ተቀምጧል። ከሲቀላ ወደ ሴቻ በኮንትራት ባጃጅ 120 ብር ከፍዬ ስደርስ ጨልሞ ስለነበር ከበረንዳው ማዶ የሚታየኝ ጥቁር ነገር ብቻ ነበር። አስተናጋጄ እትዬ (የባልደረባዬ አክስት ናቸው፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል) ቆጮ፣ ጎመንና ዳጣ አቀረቡልኝ። ዳጣውን እንደ አዋዜ በደፋር እጅ ጠቅሼ ጎርሼ ዓይኔ እንባ ሲሞላ «ቀስ በል ልጄ፣ የእኛ ሚጥሚጣ አረንጓዴ ነው» ብለው ሳቁ። ቡናው ጓሮ ባለው ማድ ቤት በእንጨት እሳት ተፈልቶ መጣ፤ ጭሱ ባሕር ዛፍ ከለመደ አፍንጫ ጋር የማይተዋወቅ፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ሽታ ነበረው።

ሐሙስ፣ ጥር 16፦ ጫካውና ምንጮቹ

ጠዋት በረንዳው ላይ ስወጣ ትናንት ጥቁር የነበረው ነገር ጫካ ሆኖ ጠበቀኝ። ከአፋፉ ሥር ጀምሮ እስከ ሐይቆቹ የተነጠፈ ድፍን አረንጓዴ ነው፤ ከበላዩ ቀጭን ጉም ተኝቶበታል። ጥር የበጋ ወር ነው፤ የትናንቱ መንገድ ሁሉ ገለባ ለብሶ ነበር፤ ይህ ጫካ ግን የክረምት ልብሱን አልቀየረም። ምክንያቱን በኋላ ያስረዱኝ አብረውኝ የገቡት የፓርኩ ስካውት (የታጠቁ ጠባቂ) ናቸው፦ ጫካው የሚጠጣው ዝናብ ሳይሆን ከአፋፉ ሥር የሚወጣውን የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

የፓርኩ በር ከሲቀላ ዳር ነው። መግቢያው ለኢትዮጵያዊ ከምሳ ዋጋ ያነሰ ሲሆን ስካውት መያዝ ግን ግዴታ ነበር። የደረሰኝ ስካውት ሽበት የጀመራቸው፣ ክላሽ ያነገቱ፣ በእግራቸው ኮንጎ ጫማ ያጠለቁ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እያልኩ ነው ያወራኋቸው። እኔ ለጉዞው ብዬ ሁለት ሺህ ብር የሚጠጋ ቦት ጫማ ገዝቼ ነበር። በመጀመሪያው ረግረግ እሳቸው ሥር ከሥር እየመረጡ ተሻገሩ፤ እኔ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ቦቱም ውሃውን አቁሮ ቀኑን ሙሉ ያንቧጭ ነበር፤ የእሳቸው ኮንጎ ግን በየቀዳዳው አፍስሶ በአምስት ደቂቃ ደረቀ።

በጫካው ውስጥ የሚሄደው የእግር መንገድ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን አይበቃም። ሾላዎቹ ግንዳቸው በሦስት ሰው እቅፍ የማይያዝ ሆኖ ቅጠላቸው ከላይ ስለሚጋጠም ፀሐይ መሬት የምትደርሰው በሳንቲም በሳንቲም ተቆራርጣ ነው። ጦጣዎች ከመንገዱ አይርቁም፤ ጉሬዛ ግን ከፍታ ይወዳል። አንዱን ሾላ ሥር ቆመን ከሩብ ሰዓት በላይ አምስት ጉሬዛዎች ተመለከትን። ትልቁ ወንድ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጦ ስለነበር ከትከሻው እስከ ወገቡ የሚወርደው ነጭ ጸጉር እንደ ካባ ቅርንጫፉ ላይ ተዘርግቷል፤ ቅጠል ቀንጥቦ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ጋሼ «እጁን እየው፤ አውራ ጣት የለውም» አሉኝ። በባይኖኩላሬ ሳስተውል እውነትም አራቱ ጣቶች ብቻ ቅርንጫፉን እንደ ሜንጦ ቆልፈውታል፤ በአውራ ጣቱ ቦታ አንዲት ትንሽ ጉብታ ብቻ አለች። ብድግ ብሎ ወደ ሌላ ዛፍ ሲዘል ካባው ተገልጦ ለአፍታ አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ሰማን።

ለከተማዋ ስሟን የሰጡት ምንጮች ከአፋፉ ግርጌ ናቸው። «አርባ» የተባሉት ብዛታቸውን ለመግለጽ እንጂ ቆጥሮ የጨረሳቸው ሰው ኖሮ አይመስለኝም፤ እኔ አሥራ አንድ ከደረስኩ በኋላ የቱ ከየቱ እንደሚለይ ጠፋኝ። ውሃው ከድንጋይ ሥር ያለ ድምፅ ይወጣል፤ ታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥቂት ራቅ ብሎ የፓምፕ ቤትና ወፍራም ቧንቧዎች አሉ፤ ከተማው የሚጠጣው ይህንኑ ውሃ ሽቅብ ስቦ ነው። ማለዳ በእትዬ ቤት ፊቴን የታጠብኩበት ውሃ ምንጩ ይኸው ነው ማለት ነው።

ስንመለስ ሦስት ወጣት ሴቶች እንጨት ተሸክመው ከፊታችን ብቅ አሉ። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ አጠገባችን እስኪደርሱ አላዩንም።

«ስንቴ ልንገራችሁ?» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ የወደቀ ነው፤ ደረቅ ነው» አለች የፊተኛዋ፣ ሸክሟን ሳታወርድ።

አብዛኛው እውነትም ደረቅ ነበር። ከመካከሉ የአንዱ ጉማጅ ጫፍ ግን ነጭ ወተት ያንጠባጥባል፤ የሾላ ወተት ነው፤ ከተቆረጠ ሰዓት አልሞላውም። ጋሼ ወተቱን በጣታቸው ነክተው ለልጅቷ አሳዩአት፤ ገጀራዋን ተቀበሏትና «ሂዱ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ እስከ በሩ ድረስ አልተናገሩም። እኔ ያደግኩት እንጦጦ ሥር ስለሆነ እንጨት የተሸከሙ እናቶችን ማየት አዲሴ አይደለም፤ የእንጦጦው ግን ሰው ተክሎት ቢቆርጡት መልሶ የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ ነው። ይህኛውን ማንም አልተከለውም።

ምሳ ሲቀላ አሳ ለብለብ በ280 ብር በላሁ። ከበረዶ ወጥቶ የተጠበሰ አሳ ለለመደ ሰው ሌላ ምግብ ነው፤ በዳጣ ነው የሚቀርበው፤ በዚህ ጊዜ ግን በጥንቃቄ ጠቀስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 17፦ ጫሞና ነጭ ሳር ሜዳ

ወደ ሜዳው በመኪና የሚወስደው መንገድ ድንጋያማና አድካሚ ነው ስላሉኝ በጀልባ ጫሞን ተሻግሬ ከዚያ በእግር መውጣቱን መረጥኩ። ከሐዋሳ የመጡ ሁለት ወጣት መምህራን ተመሳሳይ ሐሳብ ስለነበራቸው የጀልባውን 3600 ብር ለሦስት ተካፈልን። ባለጀልባው «ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይቆጣል፤ ከ7 ሰዓት በፊት መመለስ አለብን» ብሎ አስጠንቅቆን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ይህን ማስጠንቀቂያ ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ ያመራነው የኩልፎ ወንዝ ጫሞ ወደሚገባበት፣ «የአዞ ገበያ» ወደሚባለው ዳርቻ ነው። ስሙ ሻጭና ገዢ ያለበት ቢያስመስልም ገበያተኞቹ አዞዎቹ ናቸው፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ገላቸውን ለማሞቅ ጠዋት አሸዋው ላይ ይሰጣሉ። ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ አስጠጋን። ከጀልባችን የማያንስ አንድ አዞ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ አፉን የሚከፍተው ሙቀት ሲበዛበት ለመቀዝቀዝ እንደሆነ ባውቅም፣ ዕውቀቱ በዚያ ርቀት ላይ ብዙም አላጽናናኝም። የታችኛው መንጋጋው ጥርሶች እንደ አሮጌ አጥር አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ዘመዋል፤ በአንዱ ጥርስ ሥር የአሳ ክንፍ ተሰክቷል፤ ዓይኑ ግን ተከድኗል። ሞገዱ ጀልባችንን በአንድ ክንድ ያህል ሲገፋን ዓይኑ ተከፈተ። ከዚያም ያ ሁሉ ርዝመት ያለ ምንም ጥድፊያ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ውሃው ተመልሶ ሲገጥም አረፋ እንኳ አልታየም። ዳርቻው ላይ አባ ኮዳዎች እንደ ለቅሶ ደራሾች ተኮልኩለው፣ ይብራዎች በረድፍ እየቀዘፉ፣ ጉማሬዎች ጆሯቸውን ብቻ እያሳዩ ከኋላችን ቀሩ።

ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ እስከ ሜዳው የሚወጣው መንገድ ቁጥቋጦና ድንጋይ የበዛበት ነው። ጥንድ እንሹዎች ከእግራችን ሥር ተፈትልከው አስደነገጡን። ሽቅቡ አልቆ ሜዳው ሲከፈት የስሙ ትርጉም ማብራሪያ አላስፈለገውም፦ በበጋ ፀሐይ የነጣው ሣር እስከ አማሮ ተራሮች ግርጌ ድረስ ተነጥፏል፤ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ ብር ይመስላል። በዚህ ነጭ መሐል የሜዳ አህዮች ከሩቅ ግራጫ፣ ሲቀርቡ ጥቁርና ነጭ ሆነው ታዩ። ሠላሳ ስምንት ቆጠርኩ፤ ከአስተማሪዎቹ አንዱ አርባ አንድ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቀና አድርገው ወደ እኛ ዞሩ፤ አንዲት ውርንጭላ ብቻ መጥባቷን አላቋረጠችም።

ያላየሁትንም መጻፍ አለብኝ። ፓርኩ ሲከለል ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘውን የስዌይን ቆርኪ የተባለውን የዱር እንስሳ መጠበቅ ነበር፤ እኛ ግን አንድም አላጋጠመንም። «ድሮ መንጋ ነበር» አሉ ዛሬም አብረውን የመጡት ስካውቱ ጋሼ፤ ሌላ አልጨመሩም። ከሜዳ አህዮቹ ይልቅ የሚበዙት ከብቶች ነበሩ። ፓርኩ ሳይከለል በፊትም በዚህ ምድር ከብት ያሰማሩ የጉጂና የኮሬ ሰዎች ስለነበሩ፣ ለሦስት ሰዓት የመጣ እንግዳ እንደ እኔ ያለ ሰው የሚፈርደው ጉዳይ አይደለም፤ ሣሩ ግን አንድ ነው፤ የሚበቃውም ለተወሰነ አፍ ነው።

በሜዳው ከሚያልፈው የመኪና መንገድ ዳር ስናርፍ ለመምህራኑ የነገርኳቸው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ቡድን በዚህ መንገድ ላይ የሞተ ወፍ አገኘ፤ ናይትጃር ከሚባሉት ማታ ማታ ከሚበሩ ወፎች ወገን ሲሆን፣ ከመጎዳቱ የተነሣ ሊወሰድ የቻለው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። ያ ክንፍ ከየትኛውም የታወቀ ዝርያ ጋር ሳይገጥም ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ ሳይንሳዊ ስሙም ካፕሪሙልገስ ሶላላ ሆነ፤ «ሶላላ» ብቸኛ ክንፍ እንደ ማለት ነው። ታሪኩን ስጨርስ አንደኛው መምህር ሳያስበው መንገዱን ግራና ቀኝ ያይ ጀመር። ላባ አላገኘንም።

በወፍና በሜዳ አህያ ቆጠራ ስንዘገይ ጀልባው ጋ የደረስነው 8 ሰዓት አልፎ ነው። ባለጀልባው አልተቆጣንም፤ ሰማዩን ብቻ አየ። ሐይቁ መሐል ስንደርስ ነፋሱ ተነሣ፤ ሞገዱ በጎን እየመታን ከወገባችን በላይ አራሰን፤ ከዚያ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ቆመ። በቀኛችን፣ ከመቶ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ ጉማሬዎች ነበሩ። ባለጀልባው ካንዴላውን ፈትቶ አወጣው፤ ካናቴራውን አውልቆ ጠረገው፤ በትንፋሹ እፍ እፍ አለበት፤ መልሶ አሰረው። ሦስት ጊዜ ገመዱን ሲስብ አልተነሣም። በአራተኛው ሲነሣ ሁላችንም እንደ ቤተሰብ ተቃቀፍን፤ አንደኛው መምህር የማርያምን ስም ስንት ጊዜ እንደጠራ ሲቆጥር የነበረ ባልደረባው እስከ ሲቀላ ድረስ ሲያሾፍበት መጣ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18፦ የእግዜር ድልድይ

ጭኔ ደረጃ ለመውረድ እንኳ እየለገመ፣ ሁለቱን ሐይቆች ወደሚለየው፣ «የእግዜር ድልድይ» ወደሚባለው ጉብታ ወጣሁ። የኩልፎን ድልድይ ተሻግሮ በግራር ቁጥቋጦ መካከል ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ዳገት ነው፤ ጥላ ስለሌለው ሦስት ሊትር ውሃ ይዤ በቂ አልነበረም። ከርከሮዎች ጅራታቸውን እንደ አንቴና አቁመው አለፉን፤ አጋዘን ግን ዱካውን እንጂ ራሱን አላየንም። ከላይ ሆነው ሲያዩት በግራ አባያ ሻይ በወተት መስሎ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸው ይህች ጠባብ ጉብታ ብቻ ታግዳቸዋለች። ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ የሚመለሰው ከዚህ ነው፤ እኔም ከዚያ የተለየ ሥራ አልሠራሁም።

ማታ መብራት ጠፋ። እትዬ ማድ ቤት ገብተው እሳት ሲያቀጣጥሉ ተከትዬ ገባሁና እንጨቱን አገላብጬ አየሁት። ከጉማጆቹ የአንዱ ልጥ ላይ የደረቀ ነጭ ወተት ጠብ ጠብ ብሎ ቀርቷል።

«እትዬ፣ ይህ እንጨት ከየት ነው የሚመጣው?»

በአገጫቸው ወደ ታች፣ ወደ ጨለማው አመለከቱኝ። «ልጆቹ በራችን ድረስ ያመጡታል፤ ሸክሙ 150 ብር ገብቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቼ ነበር እኮ፤ ይኸው መብራቱ ሲሄድ ግን እንግዳ ጦሙን አያድር» አሉና ጀበናውን ጣዱ። ሐሙስ ዕለት በጫካው ያየሁትን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቡናውን ጠጣሁ፤ እስከ ሦስተኛው ድረስ።

እሑድ፣ ጥር 19፦ መልስ

ለቤት ብዬ በዋዜማው ከሲቀላ ገበያ አንድ ሙሉ ዘለላ ሙዝ ገዝቼ በረንዳው ላይ አሳድሬው ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ እንደነበረ ቆይቶኛል፤ እትዬን ልሰናበት ወደ ውስጥ ገብቼ እስክወጣ ግን፣ ገና ሳይነጋ፣ የነቃ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ የአጥሩ ግንብ ላይ ተቀምጦ ዘለላውን በጉያው ይዟል። «እነሱ ደግሞ ከጫካው ይመጣሉ» አሉ እትዬ፣ ድንጋይ ለማንሳት እንኳ ሳይቸኩሉ። ዝንጀሮው አንዱን ሙዝ ልጦ እየበላ፣ ቆዳውን ወደ እኔ ጥሎ፣ የቀረውን ይዞ በአፋፉ ወረደ። መናኸሪያ ደርሼ ሌላ ዘለላ በ50 ብር ገዛሁ፤ አውቶቡሱ ላይ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በጭኔ ይዤው መጣሁ።